የፈንጣጣው አባት፦ አቡነ ጉልየልሞ ማሳያ

በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችንን ክንድ አስተውሎ የተመለከተ ሰው፣ ከትከሻቸው ዝቅ ብሎ መካከሏ ጎድጎድ ያለች አሮጌ ክብ ጠባሳ ሊያገኝ ይችላል። ይህች ጠባሳ የፈንጣጣ ክትባት ማኅተም ናት። ዛሬ በወሎ ሰፈርም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ክፍል ሕፃን ታቅፋ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድ እናት ልጇን ፈንጣጣ አታስከትብም፤ በሽታው ከምድረ ገጽ ጠፍቷልና። የነርስነት ሙያ የሚማሩ ወጣቶቻችንም ፈንጣጣን የሚያውቁት በመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ብቻ ነው። ሆኖም ተላላፊ በሽታ ምን እንደሆነ፣ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚሻገር፣ ሰውነትም እንዴት እንደሚቋቋመው ለመረዳት ከዚህ በሽታ ታሪክ የተሻለ አስተማሪ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በአገራችን ደግሞ ይህ ታሪክ ከአንድ የካፑቺን ጳጳስ ሕይወት ጋር ተሳስሮ ይገኛል። እኚህ ጳጳስ አቡነ ጉልየልሞ ማሳያ ናቸው። ኢትዮጵያውያን አቡነ መሲያስ ይሏቸው ነበር፤ ስለ ክትባት ሥራቸው ደግሞ የፈንጣጣ አባት የሚል ስም ወጥቶላቸዋል።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልን እናሳስባለን።

ጉልየልሞ ማሳያ በሰሜን ጣልያን፣ በፒየሞንቴ ግዛት፣ በአስቲ አቅራቢያ ፒዮቫ በተባለች መንደር በጁን 8 ቀን 1809 ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። መንደሪቱ ዛሬ በእርሳቸው ስም ፒዮቫ ማሳያ ትባላለች። የጥምቀት ስማቸው ሎሬንሶ አንቶንዮ ነበር፤ ጉልየልሞ የተባሉት በ1826 የካፑቺን ማኅበርን ልብስ ሲለብሱ ነው። በ1832 ማዕረገ ክህነትን ተቀበሉ። እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ ከብዙዎቹ የዘመኑ መነኮሳት ታሪክ እምብዛም አይለይም። ለኋለኛው ሥራቸው መሠረት የጣለው ከ1834 እስከ 1836 ያለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት በቶሪኖ ከተማ በሚገኘው በማውሪሲያኖ ሆስፒታል የሕሙማን ካህን ሆነው አገልግለዋል።

የሆስፒታል ካህን ሥራ ኑዛዜ መስማት፣ ቅዱስ ቁርባን ማቀበልና የሚሞተውን ማጽናናት ነው። ወጣቱ አባ ጉልየልሞ ግን ከዚህ ሌላ የሕክምናንና የቀዶ ጥገናን የመጀመሪያ እውቀት በዚያው ቀሰሙ። ይህ እውቀት ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ከዓባይ ማዶ ይፈለጋል ብሎ ያን ጊዜ ያሰበ ሰው አልነበረም።

የዛሬ ተማሪ ግን የዚያን ዘመን ሆስፒታል በዛሬ ዓይን እንዳያየው ያስፈልጋል። ጓንት አልነበረም፤ መሣሪያ በእንፋሎት ቀቅሎ ከጀርም ነፃ የማድረግ ልማድም አልነበረም። በአውሮፓ ታላላቅ ሆስፒታሎች የነበሩ ቀዶ ሐኪሞች በደም የደረቀ ካፖርታቸውን ሳይለውጡ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ይሄዱ ነበር፤ ቢላዋቸውን የሚያጸዱትም በጨርቅ በመጥረግ ነበር። ሕመም የሚመጣው ከተበላሸ አየር ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በ1835 ኮሌራ ወደ ጣልያን ምድር ሲገባ ብዙዎቹ ሐኪሞች የጠረጠሩት ሽታውን ነበር፤ ውኃውን የጠረጠረ እምብዛም አልነበረም። እጅ በሽታን ያሻግራል የሚለው ሐሳብ በግልጽ የተፈተነው ማሳያ ቶሪኖን ለቀው ወደ ኢትዮጵያ ከተነሡ በኋላ፣ በ1847 ነው። በዚያ ዓመት በቪየና የማዋለጃ ክፍል ያገለግል የነበረው የሃንጋሪ ተወላጅ ሐኪም ኢግናዝ ሰመልቫይስ፣ ሬሳ ከሚመረመርበት ክፍል በቀጥታ ወደ ወላዶች የሚመጡ ሐኪሞችና ተማሪዎች እጃቸውን በክሎሪን ውሕድ እንዲታጠቡ አዘዘ፤ የወላዶችም ሞት ወዲያውኑ ቀነሰ። ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቹ ግን አልተቀበሉትም። ሐኪም በገዛ እጁ ሞትን ያመጣል መባሉን መስማት ከብዷቸው ነበር። ሰመልቫይስ በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ሞተ። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሊስተር ቁስልንና መሣሪያን በካርቦሊክ አሲድ ስለ ማጽዳት የጻፈው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። እንግዲህ አባ ጉልየልሞ ከቶሪኖ ይዘውት የወጡት እውቀት ጀርም የሚለው ሐሳብ ገና ያልሰፈረበት እውቀት ነበር።

ከሆስፒታሉ በኋላ ለአሥር ዓመታት በማኅበራቸው ትምህርት ቤት ፍልስፍናና ነገረ መለኮት አስተማሩ። በእነዚያ ዓመታት የቶሪኖን ድሆችና የማይድኑ ሕሙማን በመሰብሰብ ከሚታወቀው ከቅዱስ ዮሴፍ ኮቶሌንጎ ጋር ቅርበት ነበራቸው። የፒየሞንቴ ንጉሣዊ ቤተሰብም ያውቃቸውና ያከብራቸው ነበር። በዚያው ቢኖሩ ኖሮ በአገራቸው ጵጵስና ያገኙ ነበር ብሎ መገመት አያስቸግርም።

በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የተዘዋወረው ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ ከዓባይ በስተደቡብ ላለው የኦሮሞ ሕዝብ ካቶሊካውያን መልእክተኞች እንዲላኩ ለሮም አሳስቦ ነበር። በ1846 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ይህን አገር ራሱን የቻለ ሐዋርያዊ አስተዳደር አድርገው ሲያቋቁሙ ጉልየልሞ ማሳያን መረጡ። በሜይ 24 ቀን 1846 በሮም የጵጵስና ማዕረግ ተቀበሉ። ሠላሳ ሰባተኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቷቸው ነበር።

ከሮም እስከ ጉድሩ ያለው መንገድ ከስድስት ዓመት በላይ ፈጀባቸው። ምፅዋ ደረሱ፤ በሰሜን የነበረው ፖለቲካና የሃይማኖት ክርክር ወደ ፊት አላሳልፍ አላቸው። በ1849 መጀመሪያ በምፅዋ ቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያዕቆቢስን ጳጳስ አድርገው ቀቡ። ወደ አውሮፓ ተመለሱ፤ እንደገናም በግብፅና በሱዳን በኩል ሞከሩ። ነጋዴ መስለው የተጓዙበት ጊዜ ነበር። በመጨረሻ በጎጃም በኩል ዓባይን ተሻግረው በኖቬምበር 21 ቀን 1852 ጉድሩ ውስጥ ከምትገኘው ከአሰንዳቦ ደረሱ።

አሰንዳቦ የገበያ ስፍራ ነበረች። ከእናርያና ከከፋ የሚመጣው ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ ከሰሜን የሚወርደው አሞሌ ጨውና ጨርቅ በዚህ መስመር ያልፍ ነበር። በሽታም በዚያው መንገድ ያልፍ ነበር። ፈንጣጣ በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ተደጋግሞ የሚመጣ መቅሠፍት ነበር፤ ከመጣም ደሃና ጌታ አይለይም። የፈንጣጣ ጠባሳ በንጉሡ በራሳቸው ፊት ላይ ሳይቀር ይታይ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክን ያዩ የውጭ ሰዎች ይህን መዝግበዋል።

እዚህ ላይ ከሕይወት ታሪኩ ጥቂት ወጣ ብለን በሽታውን ማየት ይገባናል። ፈንጣጣን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ቫይረስ ከባክቴሪያ እጅግ ያነሰ፣ በራሱ መብላትም መራባትም የማይችል፣ የሌላ ፍጡር ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ብቻ የሚባዛ ነገር ነው። የፈንጣጣ ቫይረስ ማደሪያው ሰው ብቻ ነው፤ በከብት፣ በአይጥ ወይም በወባ ትንኝ ውስጥ ተሸሽጎ አይኖርም። የሚወጣው ከታማሚው አፍና ጉሮሮ በትንፋሽና በምራቅ ፍንጣቂ፣ እንዲሁም ከቆዳው ቁስል ነው። የሚገባው በአብዛኛው ፊት ለፊት ተቀራርበው ሲቆዩ በሚሳበው አየር ሲሆን፣ ታማሚው በተጠቀመበት ልብስና አልጋ ልብስም ይተላለፋል። ከገባ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን ያህል ምልክት ሳይታይ ይቆያል። ከዚያ ብርቱ ትኩሳትና የወገብ ሕመም ይመጣል፤ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ሽፍታው ይወጣል። ሽፍታው በፊትና በእጅ እግር ላይ ይበዛል፤ በአንድ የሰውነት ክፍል ላይ ያሉት ሁሉም በአንድነት ውኃ ይቋጥራሉ፣ በአንድነትም መግል ይይዛሉ። ጉድፍ ጉድፍ ተለይቶ፣ ከፊሉ ደርቆ ከፊሉ አዲስ ሲወጣ የሚታየው በሽታ ሌላ ነው። ብርቱው የፈንጣጣ ዓይነት ከያዛቸው ያልተከተቡ ሰዎች ከመቶው ሠላሳ ያህሉን ይገድል ነበር። የተረፈውም ፊቱ ይጠባሰሳል፤ ዓይኑ የጠፋም ብዙ ነው።

አሥራ ሁለቱን ቀን ልብ ይሏል። ከጎጃም ገበያ በሽታው ገብቶበት የተነሣ ነጋዴ ዓባይን ሲሻገር ጤነኛ ነው፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ በቅሎውን ይጭናል። ትኩሳቱ የሚነሣበት ብዙ ቀን ተጉዞ ከሰው ቤት ካደረ በኋላ ነው። ነርሶች በክፍል የሚማሯቸው ማደሪያ፣ መውጫ፣ መተላለፊያ፣ መግቢያና በሽታውን ለመቀበል የተጋለጠ ሰው የሚባሉት ቀለበቶች ሁሉ በዚህ አንድ ነጋዴ ጉዞ ውስጥ ይገኛሉ። ከቀለበቶቹ አንዱን የሰበረ ሰው ሰንሰለቱን ይበጥሳል። የታመመውን ከመንደር ማራቅ ለአባቶቻችንም የታወቀ ዘዴ ነበር፤ ይህም መተላለፊያውን መስበር ነው። አቡነ መሲያስ የነኩት የመጨረሻውን ቀለበት፣ የተጋለጠውን ሰው ነው።

ፈንጣጣ አንዴ የያዘውን ሰው ዳግመኛ እንደማይዘው ሕዝቡ ከጥንት ያውቅ ነበር። ከዚህም ተነሥቶ ቀላል ፈንጣጣ ከያዘው ሰው ቁስል ፈሳሽ ወስዶ በጤነኛው ክንድ ላይ ሰንጥቆ ማስገባት በኢትዮጵያ ከማሳያ መምጣት በፊት የሚሠራበት ልማድ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ሲደረግ አይቶ ጽፎታል። በነገራችን ላይ የአማርኛው ቃል ራሱ ይህን ያስታውሳል፤ ከተበ ማለት ጻፈ ማለትም ነው፣ ክትባትም በቆዳ ላይ እንደ መጻፍ ነው። ስለዚህ ክትባትን ነጭ ሰው አመጣልን የሚለው አነጋገር ትክክል አይመስለንም። በዓለም ላይ አዲስ የነበረው የእንግሊዛዊው ኤድዋርድ ጄነር ግኝት ነበር። ጄነር በ1796 የሰውን ፈንጣጣ ትቶ ከላም ጡት ላይ በሚወጣ፣ ለሰው በማያሰጋ ቁስል ፈሳሽ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ከተበ፤ ልጁም የሰው ፈንጣጣ ፈሳሽ ሲሰጠው አልታመመም።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ታላቅ ነው። በእውነተኛው ፈንጣጣ የተከተበ ሰው በአብዛኛው ቀለል አድርጎ ይታመማል፤ ሆኖም ከመቶው አንድ ሁለቱ ሊሞት ይችላል። ከዚህ የሚከፋው፣ እርሱ ቀለል ብሎት ሳለ ለጎረቤቱ የሚያስተላልፈው ብርቱውን በሽታ መሆኑ ነው። በላም ቁስል ፈሳሽ የተከተበ ግን ፈንጣጣን አያስተላልፍም። በሁለቱም መንገድ የሚሆነው ነገር መሠረቱ አንድ ነው። ሰውነት ጠላቱን ወይም የጠላቱን ዘመድ በትንሹ አይቶ ያውቀዋል፤ የሚዋጋበትን መሣሪያ ያዘጋጃል፤ እውነተኛው ጠላት ሲመጣ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀዋል።

አቡነ መሲያስ ከጉድሩ ጀምሮ በተመላለሱባቸው የኦሮሞ አገሮች ሕዝቡን ከተቡ። የሰው እምነት ያገኙትም ከስብከታቸው ይልቅ በዚህ ሥራ እንደነበር ከስማቸው መረዳት ይቻላል፤ ሕዝቡ ያወጣላቸው ስም የመጽሐፍ አባት ወይም የጸሎት አባት የሚል ሳይሆን የፈንጣጣ አባት የሚል ነበር። እንግዳ ሰው መጥቶ የጤነኛ ልጅህን ክንድ ልሰንጥቅ፣ የበሽታ ፈሳሽም ላግባበት ሲል አባትና እናት እሺ ማለታቸው ቀላል ነገር አይደለም። በክትባት ዘመቻ ቤት ለቤት የዞረ የጤና ሠራተኛ ሁሉ ይህን ያውቃል። ክትባቱ የሚሰጠው ለጤነኛ ነው፤ ካልታመመው ልጅ ያልመጣው በሽታ እንደቀረ በዓይን አይታይም። የሚታየው የክንዱ እብጠትና የሌሊት ትኩሳቱ ብቻ ነው።

ማቀዝቀዣ በሌለበት ዘመን ፈሳሹ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል። ዛሬ ኮልድ ቼይን የምንለውና የጤና ጣቢያ ነርስ በየቀኑ የቴርሞሜትር ቁጥር እየመዘገበች የምትጠብቀው ነገር ያን ጊዜ አልነበረም። በዓለም ሁሉ የተለመደው መላ የሰውን ክንድ ማቆያ ማድረግ ነበር፤ ዛሬ የተከተበው ልጅ በስምንተኛው ቀን ገደማ ክንዱ ውኃ ሲቋጥር ከዚያ ላይ ተወስዶ ለሚቀጥለው ይሰጣል። በ1803 ከስፔን ወደ አሜሪካ የተላከው የክትባት ጉዞ ውቅያኖሱን የተሻገረው በ22 ወላጅ አልባ ሕፃናት ክንድ ላይ ነበር። ልጆቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በየተራ ይከተቡ ነበር። ልጆቹን ትጠብቅ የነበረችው ኢሳቤል ሴንዳል የተባለች ሴት ናት፤ የነርስነት ታሪክ ጸሐፊዎች በዓለም አቀፍ ጉዞ የተሰማራች የመጀመሪያዋ ነርስ አድርገው ይቆጥሯታል። ስሟ ከጉዞው መሪ ከሐኪሙ ከባልሚስ ያነሰ መታወቁ ግን የሚያሳዝን ነው።

ከክንድ ወደ ክንድ የሚደረገው ክትባት የራሱ አደጋ ነበረው። በ1861 ማሳያ በተወለዱበት በፒየሞንቴ፣ ሪቫልታ በተባለች መንደር፣ ቂጥኝ እንዳለበት ካልታወቀ አንድ ሕፃን ክንድ በተወሰደ ፈሳሽ የተከተቡ ከ40 በላይ ሕፃናት በዚያው በሽታ ተያዙ። ከእነርሱ አልፎ ወደ እናቶችና ወደ ሞግዚቶችም ተዛመተ። የሰጣቸው ሐኪም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሳሹ ውስጥ ፈንጣጣን ከሚከላከለው ነገር ሌላ ምን እንዳለ ማየት አልቻለም እንጂ። ከዚህ በኋላ ፈሳሹን ከጥጃ ቆዳ ላይ የማምረቱ ዘዴ በአውሮፓ ተስፋፋ። ዛሬ አንድ መርፌ ለአንድ ሰው ብቻ የሚባለው ሕግ ለተማሪ እንደ ተራ ትእዛዝ ሊሰማው ይችላል፤ ከበስተጀርባው ግን የሪቫልታን የመሰሉ መንደሮች አሉ። በጉበት ቫይረስና በኤች አይ ቪ ዘመን ነገሩ ይበልጥ ከብዷል። ደም ያለበት ነገር ሁሉ፣ ታማሚው ማንም ይሁን ማን፣ እንደሚያስተላልፍ ተቆጥሮ መያዝ አለበት።

ወደ አቡነ መሲያስ እንመለስ። በ1859 ወደ ከፋ ገቡ፤ በ1861 ከዚያ ተባረሩ። ወደ ሰሜን ሲመለሱ በአፄ ቴዎድሮስ ግዛት ተያዙ፤ በኋላም ተለቀቁ። በአውሮፓ በቆዩባቸው ዓመታት በማርሴይ ለኦሮሞ ወጣቶች ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ በ1867 ደግሞ የአማርኛንና የኦሮምኛን ሰዋስው ለመልእክተኞች የሚያስተምር መጽሐፍ በፓሪስ አሳተሙ። የታማሚን ቋንቋ ሳያውቁ ማከም እንደማይቻል ተረድተው ይሆናል፤ ቢያንስ እኛ እንደዚያ እናነበዋለን።

በ1868 ሸዋ ገቡ። ምኒልክ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውም ከሃያዎቹ አጋማሽ አላለፈም። የካቶሊኩን ጳጳስ በአክብሮት ተቀብለው በአማካሪነት አቆዩአቸው፤ በፊንፊኔም የሚስዮን ስፍራ ሰጧቸው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1886 ነው። ዛሬ ከወሎ ሰፈር ወደ ጎተራ የሚወስደው ሰፊ አስፋልት፣ ቦሌ መንገድ፣ ፎቆቹ ሁሉ ያን ጊዜ አልነበሩም። ፍልውኃው ግን ነበር፤ ሕሙማንም ለመፈወስ ይመጡበት ነበር።

በሸዋ የቆዩባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ያለ ነቀፋ የሚታለፉ አይደሉም። በ1876 ወደ ሸዋ የመጣው የጣልያን ጂኦግራፊያዊ ማኅበር ልዑክ በእርሳቸው ሸምጋይነት ተረድቷል። ከዚያ በኋላ የተከተለው የጣልያን ቅኝ ገዥነት ታሪክ ይታወቃል፤ በ1939 ደግሞ የፋሺስት መንግሥት የእርሳቸውን ሕይወት ለፕሮፓጋንዳ በሚስማማ ፊልም አሠርቶ በቬኒስ ሸልሞታል። ማሳያ ሃምሳ ዓመት ቀድመው ሞተዋልና ለፊልሙ ተጠያቂ አይደሉም። ሆኖም መልእክተኛ ከመንግሥታት ጉዳይ ጋር ሲቀራረብ ስሙ በማን እጅ እንደሚወድቅ አያውቅም። ጉድሩ ላይ የወጣላቸው ስም ከፊልሙ ስም ይልቅ እውነተኛ ነው ብለን እናምናለን።

በ1878 ምኒልክና አፄ ዮሐንስ አራተኛ በልቼ ሲታረቁ የውጭ አገር መልእክተኞች ከሸዋ መውጣት ከስምምነቱ አንዱ ነበር። በ1879 አቡነ መሲያስ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸዋን ለቀው ወጡ፤ በደብረ ታቦርና በሱዳን በረሃ አድርገው፣ ሰባ ዓመት ሆኗቸው፣ ጤናቸው ተጎድቶ አውሮፓ ደረሱ። በ1880 ኃላፊነታቸውን አስረከቡ። በምትካቸው ለብዙ ዓመታት ረዳታቸው የነበሩት አቡነ ቶረን ካኛ ተተኩ።

እርሳቸው በጣልያን አርፈው ሳለ እድሜያቸውን ሙሉ በእጃቸው የነኩት ነገር ምን እንደሆነ ሳይንስ ማወቅ ጀመረ። ሉዊ ፓስተር በ1885 በውሻ የተነከሰ ልጅ ከተበ፤ ለጄነርም ክብር ሲል በላም ቁስል ያልተሠራውን ክትባት ሁሉ በጄነር ቃል ቫክሲን ብሎ እንዲጠራ አድርጓል፤ ቃሉም ላም ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ከባክቴሪያ ማጣሪያ የሚያልፍ፣ በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታይ በሽታ አምጪ እንዳለ የታወቀው ግን በ1890ዎቹ፣ ማሳያ ከሞቱ በኋላ ነው። በ1898 ከፓሪስ የመጡት ዶክተር ቩርትዝ በአዲስ አበባ የፈንጣጣ ክትባት ፈሳሽ የሚዘጋጅበትን ሥራ ጀመሩ። ምኒልክም ሕዝቡ እንዲከተብ አዘዙ።

የበሽታው ፍጻሜ ብዙ ቆየ። ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ የማጥፋቱ ዘመቻ በ1971 ሲጀመር በዚያ ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ አብዛኛው ቀላሉ ዓይነት መሆኑ እንደ ዕድል ይቆጠራል። በእውነተኛ ፈንጣጣ ፈሳሽ የሚከትቡ የባህል አዋቂዎች ያን ጊዜም ነበሩ፤ አዲስ ወረርሽኝ እንዳያስነሡ ያሰጉ ነበር። ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ፣ በመጨረሻም በሄሊኮፕተር እየዞሩ ታማሚውን ለይተው አካባቢውን ሁሉ ይከትቡ ነበር። ክትባቱ በሽታው ከገባ በሦስት አራት ቀን ውስጥ ከተሰጠ እንኳ ሊያድን መቻሉ ረዳቸው። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ታማሚ በኦገስት 1976 በባሌ ተገኘ። በተፈጥሮ መንገድ የታመመው የዓለም የመጨረሻ ሰው በ1977 በሶማሊያ፣ በመርካ ከተማ የነበረ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ሁለት ሕሙማንን በመኪና ሲሸኝ ለጥቂት ደቂቃ አብሮ በመቀመጡ ያዘው። ሆስፒታል ሠርቶ ሳለ በአግባቡ አልተከተበም ነበር። ድኗል። የዓለም ጤና ጉባኤ በሽታው መጥፋቱን በሜይ 8 ቀን 1980 አወጀ። የዚያው ቤተሰብ የሆነ ሌላ ቫይረስ፣ ኤምፖክስ የሚባለው፣ በ2025 በሞያሌ ሲገኝ ማደሪያ፣ መውጫና መተላለፊያ የሚሉት ቃላት ከመማሪያ ክፍል ወጥተው እንደገና የሥራ ቃላት ሆነዋል።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1884 አቡነ ጉልየልሞን ካርዲናል አደረጓቸው። በእርሳቸውም ፈቃድ በኢትዮጵያ ያሳለፉትን ሠላሳ አምስት ዓመት መጻፍ ጀመሩ፤ ሥራው አሥራ ሁለት ቅጽ ሆኖ ከ1885 እስከ 1895 ታተመ። የመጨረሻዎቹን ቅጾች ታትመው አላዩአቸውም። በኦገስት 6 ቀን 1889 በኔፕልስ አቅራቢያ በሳን ጆርጆ ኣ ክሬማኖ ዐረፉ። በ2016 ቅድስት መንበር በጎ ምግባራቸውን መርምራ ክቡር የሚለውን ማዕረግ ሰጥታቸዋለች። ዐፅማቸው በሮም አጠገብ በፍራስካቲ በካፑቺኖች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ በገዳሙ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ የኢትዮጵያ ቤተ መዘክር ይገኛል።